ከድልድዩ ማዶ የማይሠራ ፈቃድ

ከአሌክሳንድሪያ ወደ ሜሪላንድ የሚሻገር ሰው ሁሉ የዊልሰንን ድልድይ ያውቀዋል። ርዝመቱ ከአንድ ማይል ብዙም አያልፍም። መነሻው ቨርጂኒያ ነው። መሃል ላይ ለጥቂት ሜትር የዲሲን ወሰን ይረግጣል። የቀረው ሜሪላንድ ነው። መንገዱ ካልተጨናነቀ አንድ ደቂቃ ገደማ ነው፣ የሚያጨናንቀው ሲበዛ ግን የሚያውቅ ያውቀዋል። ታዲያ በዚያች ደቂቃ ውስጥ ወገቡ ላይ ሽጉጥ የታጠቀና ኪሱ ውስጥ የቨርጂኒያ ፈቃድ ብቻ የያዘ ሰው ከሕግ አክባሪነት ወደ ወንጀል ተጠርጣሪነት ይሻገራል። ሌላ ያደረገው ነገር የለም። ነዳጅ ረግጧል፣ በቃ።

ነገሩን ያነሣብኝ አንድ ወዳጄ ነው። ኡበር ይነዳል፣ ቤቱ አሌክሳንድሪያ ነው፣ ሥራው ግን ሦስቱም ጋ ነው። በዲሲ መኪና የመንጠቅ ወሬ በሰማ ቁጥር እንቅልፍ ያጣ ነበር፤ አልፈርድበትም፣ በ2023 ብቻ እዚያች ትንሽ ከተማ ውስጥ ወደ 1000 የሚጠጋ መኪና ከነባለቤቱ ፊት በግድ ተነጥቋል። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ሽጉጥ ገዛ። ኮርስ ወሰደ። ከፍርድ ቤት ፈቃዱን አወጣ። ቡና ላይ ተቀምጠን ካርዱን አውጥቶ አሳየኝ።

«የየት ነው?» አልኩት።

«የቨርጂኒያ ነዋ።»

«ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሰው ይዘህ ስትሄድስ?»

ትንሽ ዝም አለና «መንጃ ፈቃዴ እዚያም ይሠራል አይደል እንዴ?» አለኝ።

ጥያቄው የዋህ ይመስላል እንጂ ክርክሩ በሙሉ እዚህች ውስጥ ነው ያለው። ኮንግረስ ውስጥ ስንት ዓመት የሚነታረኩበት ሕግ ደጋፊዎችም የሚሉት ይህንኑ ነው፤ መንጃ ፈቃድ በሃምሳውም ስቴት ከሠራ ሽጉጥ የመያዝ ፈቃድ ለምን አይሠራም?

በመጀመሪያ መንጃ ፈቃዱን እንመልከተው። ብዙ ሰው የፌዴራል መንግሥት አስገድዶ ያስከበረው ይመስለዋል። አይደለም። ስቴቶቹ ራሳቸው፣ በየራሳቸው ሕግ፣ ወደውና ፈቅደው ነው የሚቀበሉት። የተቀበሉትም ፈተናው ተቀራራቢ ስለሆነና መንገድ ላይ የሚያስቆምህ ፖሊስ ካርድህን በኮምፒውተሩ አስገብቶ እውነተኛ ይሁን የታገደ በደቂቃ ስለሚያውቅ ነው። የሽጉጥ ፈቃድ ሁለቱም የለውም።

ያለው አሠራር ዝንጉርጉር ነው። ዲሲና ሜሪላንድ ለማጥቂያ ሳይሆን ለራስህ መጠበቂያ እንኳ ሽጉጥ ደብቀህ ልትይዝ ብትፈልግ የ16 ሰዓት ትምህርት ያስቀምጡሃል፣ ዲሲ ተኩስ ሜዳ ላይ 2 ሰዓት ትጨምርበታለች። ቨርጂኒያ ደግሞ እስከ 2020 መጨረሻ ድረስ ኮርሱን በኢንተርኔት ጨርሰህ ፈቃድ ታወጣ ነበር፤ ማለትም ሶፋ ላይ ተጋድሞ ቪዲዮ ያየ፣ አንዲት ጥይት ያልተኮሰ ሰው ፈቃድ ያገኝ ነበር። ከ2021 ጀምሮ ይህ ቀረ። ወደ ደቡብና ወደ መሃል አገር ስትሄድ ጭራሽ ፈቃድ የሚባል ነገር አያስፈልግህም። በ2024 ሳውዝ ካሮላይናና ሉዊዚያና ሲጨመሩ ያለ ፈቃድ ደብቆ መያዝን የፈቀዱት ስቴቶች 29 ደርሰዋል። ቨርሞንት የመያዣ ፈቃድ ሰጥታ አታውቅም፤ ስለዚህ የቨርሞንት ሰው ሌላ ስቴት ሲሄድ የሚያሳየው ወረቀት እንዳያጣ ከሌላ ስቴት ፈቃድ ለምኖ ያወጣል። ዩታ ደግሞ ነዋሪዋ ላልሆነም ሰው ትሰጣለች፣ ፈቃዷንም ከ30 በላይ ስቴቶች ይቀበሉታል። ኒውዮርክ፣ ኒው ጀርሲ፣ ካሊፎርኒያ፣ ኢሊኖይ፣ ሜሪላንድና ዲሲ ግን የሌላውን ፈቃድ አይቀበሉም። እነሱ ጋ የወዳጄ ካርድ እንደ አህያ ባል ነው፣ ከጅብ አያስጥልም።

ይህ ዝንጉርጉርነት ማንን እንደሚጎዳ ማየት ደስ አይልም። በ2013 አንዲት የፊላደልፊያ እናት በአትላንቲክ ሲቲ ሀይዌይ ላይ መስመር አሳስተሻል ተብላ ትቆማለች። ሁለት ልጆች አሏት፣ በዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ተዘርፋ ነው ሽጉጥ የገዛችው። ፖሊሱ መስኮቷ ጋ ሲደርስ ማንም ሳይጠይቃት «ሽጉጥ ይዣለሁ፣ የፔንሲልቬኒያ ፈቃድ አለኝ» ትለዋለች። ኮርስ ላይ ያስተማሯት እንደዚያ ነው፣ ታማኝ ሁኚ ብለዋታል። ኒው ጀርሲ ግን ያንን ወረቀት አታውቀውም። ሴትዮዋ ታሰረች፣ ከአንድ ወር በላይ እስር ቤት ቆየች፣ ከተፈረደባትም ቢያንስ ሦስት ዓመት ተኩል ይጠብቃት ነበር፤ የሕጉ ዝቅተኛ ቅጣት ስለሆነ ዐቃቤ ሕጉ ካልተስማማ ዳኛ እንኳ ዝቅ ሊያደርገው አይችልም። ጩኸት በረከተ። በ2014 የስቴቱ ተጠባባቂ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ በሌላ ስቴት ፈቃድ ይዘው በስህተት የገቡ ሰዎች ወደ እስር ሳይሆን ወደ ሌላ መንገድ እንዲላኩ መመሪያ አወጣ። በ2015 ገዥው ክሪስ ክሪስቲ ይቅርታ አደረገላት።

እኔን የሚቆጠቁጠኝ ባትናገር ኖሮ ምናልባት ጉዳዩ ላይገኝ ይችል የነበረ መሆኑ ነው። ወንጀለኛ «ሽጉጥ ይዣለሁ» ብሎ ለፖሊስ አይናገርም። የተያዘችው ሐቀኛ ስለሆነች ነው።

በጉዞ ላይ ያለን ሰው የሚጠብቅ የፌዴራል ሕግ አለ ይባላል፣ አለም። በ1986 የወጣ ነው። መነሻህም መድረሻህም መሣሪያውን የሚፈቅዱ ከሆኑ፣ ሽጉጡ ጥይት ካልጎረሰ፣ በቀላሉ የማትደርስበት ቦታ፣ ለምሳሌ ከመኪናው ኋላ ያለው የሻንጣ ማስቀመጫ ውስጥ ከሆነ፣ መሃል ያለውን ስቴት ማለፍ ትችላለህ። ማለፍ ብቻ ነው ግን። በ2005 አንድ የዩታ ሰው ወደ ፔንሲልቬኒያ ሲበር ኒው ጀርሲ፣ ኒውዋርክ ላይ ቀጣዩ አውሮፕላን አመለጠው። ሻንጣውን ሰጡት፣ ሆቴል አደረ፣ ጠዋት ተመልሶ ሽጉጡን እንደ ሕጉ ሲያስመዘግብ ታሰረ። ለምን ቢባል ሆቴል ውስጥ ሻንጣው እጁ ሥር ነበር። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2010 ዳኞቹ እያዘኑለትም ቢሆን በመታሰሩ ያቀረበውን ክስ አልተቀበለውም። እና ይህ ሕግ ወገብ ላይ ታጥቆ ለሚሄድ ሰው ጭራሽ አይሠራም።

እስከዚህ ድረስ የሚጽፈው ሰው የጋራ ዕውቅናን፣ ማለትም የአንዱ ስቴት ፈቃድ በሌላውም ይሥራ የሚለውን፣ የሚደግፍ ይመስላል አይደል? ትንሽ ይጠበቅ።

ኮንግረስ ውስጥ ያለው ረቂቅ የኖርዝ ካሮላይናው ሪቻርድ ሃድሰን የሚገፋው ነው። በታኅሣሥ 2017 ተወካዮች ምክር ቤቱን በ231 ለ198 አልፎ ሴኔት ላይ ተኝቶ ቀረ። ሴኔት ውስጥ ከዚያም በፊት ተሞክሯል፤ በ2013 57 ድምፅ አግኝቶ 60 ስላልሞላ ወደቀ። በ2025 እንደገና ቀርቦ በመጋቢት ከሕግ ኮሚቴው አልፏል፣ ፕሬዚዳንት ትራምፕም ለዘመቻ ሲወጡ እፈርመዋለሁ ብለው ቃል ገብተውበታል።

ረቂቁ የሚለው አጭር ነው። በፌዴራል ሕግ መሣሪያ እንዳይዝ ያልተከለከለ፣ ፎቶ ያለበት መታወቂያና የማንኛውም ስቴት ፈቃድ የያዘ ሰው ደብቆ መያዝን በሚፈቅድ ስቴት ሁሉ መያዝ ይችላል። መኖሪያህ ያለ ፈቃድ የሚያስይዝ ስቴት ከሆነ ደግሞ ፈቃዱም አያስፈልግህም፣ መታወቂያህ ይበቃል። እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ከዲሲ ነዋሪ 18 ሰዓት ሥልጠናና የጣት አሻራ ይፈለጋል። ከሚሲሲፒ ለሽርሽር የመጣው ሰው ግን መንጃ ፈቃዱን ብቻ ይዞ በዚያው መንገድ ላይ ታጥቆ ይሄዳል። ቃሉ ፈቃዱን የሰጠው ስቴት ነዋሪ መሆንንም ስለማይጠይቅ የሜሪላንዱ ሰው የሜሪላንድን ፈተና ትቶ ከዩታ ቢያወጣ ማን ያስቆመዋል? ዕውቅና ብለው የጀመሩት ነገር ዞሮ ዞሮ በጣም ልል የሆነውን ስቴት ሕግ ለአገር ሁሉ ማድረግ ነው።

ወዳጄ የመንጃ ፈቃድን ምሳሌ ሲያነሣ እኔ ወዲያው የመጣብኝ ሌላ ፈቃድ ነበር፤ ሲዲኤል፣ የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ። ከእኛ ሰው ስንቱ ትራክ ይነዳል፣ ስንቱስ ለሲዲኤል ፈተና ሌሊት ሲያጠና አድሯል። ሲዲኤል በአንዱ ስቴት ከወጣ በሌላው ሁሉ ይሠራል፣ ያውም በሕግ አስገዳጅነት። ግን እንዴት እንደመጣ እንይ። ከ1986 በፊት አንዳንድ ስቴት ውስጥ ተራ መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው ትልቅ ተሳቢ መንዳት ይችል ነበር፣ አንዳንዱ ሾፌር ደግሞ ከሦስት ከአራት ስቴት ፈቃድ አውጥቶ አንዱ ሲታገድበት ሌላውን ያሳይ ነበር። ኮንግረስ በዚያው ዓመት ሕግ ሲያወጣ መጀመሪያ ወለሉን ነው ያነጠፈው። ዝቅተኛው የፈተና ደረጃ ለሁሉም አንድ ሆነ። ለአንድ ሾፌር አንድ ፈቃድ ብቻ ተባለ። ስቴቶቹን የሚያገናኝ መዝገብ ተዘረጋ። ዕውቅናው የመጣው ከዚህ ጋር ነው። በ2022 ደግሞ ለአዲስ ገቢዎች የሥልጠናው ደረጃ በፌዴራል ተጨመረበት።

የሽጉጡ ረቂቅ የሲዲኤልን ሁለተኛ ገጽ ብቻ ቀዶ ወስዶ የመጀመሪያውን ጥሎታል። ወለል የለም፣ መዝገብ የለም። ዕውቅና ብቻ።

ለምን እንደተጣለም ይገባኛል። የመሣሪያ ባለቤቶች «መዝገብ» የሚለውን ቃል ሲሰሙ ነገ ቤቴ መጥተው ይወስዱብኛል የሚል ፍርሃት አለባቸው፤ ፍርሃቱ ሕግም ሆኗል፣ ያው ስለ ጉዞ ያነሣሁት የ1986ቱ የመሣሪያ ሕግ የፌዴራል የመሣሪያ መዝገብ እንዳይቋቋም ይከለክላል። በሌላ በኩል መሣሪያን የሚቃወሙት አንድ ወጥ ወለል ከተስማማን ሰው ሁሉ ሊታጠቅ ነው ብለው ይሰጋሉ። ስለዚህ መሃል ላይ ያለውን ሐሳብ፣ ማለትም «ወለል አንጥፈን ከዚያ እንቀበል» የሚለውን፣ ከሁለቱም ወገን የሚሸከመው ሰው የለም።

ፖለቲካው ራሱ ያስቃል። ስለ ውርጃ፣ ስለ ትምህርት ቤት ሲነሣ «ስቴቶቹ ይወስኑ፣ ዋሽንግተን እጁን ያንሣ» የሚሉት ሪፐብሊካኖች ሽጉጥ ላይ ሲደርሱ ዋሽንግተን ሃምሳውን ያስገድድ ይላሉ። ዴሞክራቶቹም የስቴት መብት የሚባለው ነገር ድንገት ይናፍቃቸዋል። ቦታ ተቀያይረው ነው የሚጨፍሩት።

የደጋፊዎቹ ጠንካራ መከራከሪያ ግን የመንጃ ፈቃዱ አይደለም፣ እሱን ቢተዉት ይሻላቸው ነበር። ጠንካራው «መንዳት የሚሰጥ ፈቃድ ነው፣ መታጠቅ ግን መብት ነው» የሚለው ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሰኔ 2022 በኒውዮርክ ጉዳይ 6 ለ3 ፈርዶ ከቤት ውጭ ሽጉጥ መያዝ በሕገ መንግሥቱ የተጠበቀ መብት ነው ብሏል፣ «ልዩ ምክንያት አምጣ» የሚለውንም የኒውዮርክ ሕግ ጥሏል። የመናገር መብትህ ድልድይ ስትሻገር አይቀርም። ይህኛውስ ለምን ይቀራል? ይህ ጥያቄ በደንብ መመለስ አለበት፣ በፌዝ አይታለፍም።

መልሱ በከፊል ያው ፍርድ ውስጥ አለ። ፍርድ ቤቱ የኋላ ታሪክ ማጣሪያና ሥልጠና የሚጠይቁትን፣ መስፈርቱን ላሟላ ሁሉ የሚሰጡትን የፈቃድ ሥርዓቶች አልጣለም። መብት ሆኖም ፈቃድ ሊጠየቅበት ይችላል ማለት ነው። የማሳቹሴትስ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በመጋቢት 2025 ይህንኑ ይዞ ሄዷል። አንድ የኒው ሃምፕሻየር ሰው ወደ ሥራ ሲሄድ ማሳቹሴትስ ውስጥ ተጋጭቶ፣ ፖሊስ ሲመጣ ሽጉጥ እንዳለው ታውቆ ተከሰሰ። የታችኛው ዳኛ ክሱን ጥለውት ነበር። ከፍተኛው ፍርድ ቤት ግን ነዋሪ ያልሆነም ሰው ፈቃድ እንዲያወጣ መጠየቅ ሕገ መንግሥቱን አይጥስም ብሎ መለሰው። በርግጥ ይህ የሚያስኬደው ለመጤውም በሩ እውነት ክፍት ከሆነ ነው፤ ማመልከቻህን ተቀብለው ስድስት ወር ካስተኙት መብት የሚባለው ወረቀት ላይ ይቀራል።

ስለ ጥናቶቹ ብዙ አልልም። በ1990ዎቹ ተመራማሪው ጆን ሎት ሰው ሲታጠቅ ወንጀል ይቀንሳል አለ፤ በ2004 የብሔራዊ ምርምር ምክር ቤት ቡድን ማስረጃው ወዲህም ወዲያም አያስብልም አለ፤ በ2019 የስታንፎርዱ ጆን ዶናሂውና ባልደረቦቹ ሕጉ ከላላ ከ10 ዓመት በኋላ የኃይል ወንጀል ከ13 እስከ 15 በመቶ ከፍ ይላል አሉ። ፈቃድ ያላቸው ሰዎች በወንጀል የሚፈረድባቸው ትንሽ መሆኑም ቴክሳስ በየዓመቱ ከምታወጣው ቁጥር ይታያል። ሁለቱ አይጋጩም። ባለፈቃዱ ጨዋ ሊሆን ይችላል፣ ከመኪናው የተሰረቀው ሽጉጥ ግን ጨዋ እጅ አይገባም።

ይልቅ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ፣ ዲሲ ውስጥ ጆርጂያ አቬኑ ላይ መኪና ያስቆመ ፖሊስ ይታየኛል። ሾፌሩ «ታጥቄያለሁ፣ ሕጋዊ ነኝ» ይለዋል። የሩቅ ስቴት ካርድ ይዘረጋለታል። እውነተኛ ነው? ታግዶ ይሆን? የሚጠይቀው የጋራ መዝገብ የለም፣ አንዳንዱ ስቴት የባለፈቃዶቹን ስም ለማንም አይሰጥም፣ ያለ ፈቃድ የሚያስይዘው ስቴት ደግሞ የሚጠየቅም ነገር የለውም። በረቂቁ መሠረት በስህተት ካሰረው ሊከሰስ ይችላል። የዓለም አቀፍ የፖሊስ አዛዦች ማኅበር ረቂቁን የተቃወመው ያለ ምክንያት አይደለም። ከመኪናው ውስጥ ያለው ጥቁር ሰው፣ በዚያ ላይ እንግሊዝኛው እንደኛ የሚጎተት ከሆነ፣ ያቺ ጥርጣሬ የተሞላች ደቂቃ በማን ላይ እንደምትጨርስ ለአንባቢ እተወዋለሁ።

ቨርጂኒያ በዚህ ነገር ላይ ያየችው ውጣ ውረድ ያስተምራል። በ2015 መጨረሻ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ማርክ ሄሪንግ የ25 ስቴቶችን ፈቃድ ከእንግዲህ አንቀበልም አለ፣ መስፈርታቸው ከእኛ ያንሳል በሚል። አገር ተተራመሰ። ከወር ትንሽ በላይ ቆይቶ ገዥው ቴሪ ማኮሊፍ ከሪፐብሊካኖቹ ጋር ተቀምጦ ተደራደረ፤ የሁሉም ስቴት ፈቃድ ይታወቅ፣ በልዋጩ የቤት ውስጥ ጥቃት እግድ የተጣለበት ሰው መሣሪያ እንዳይዝ ይከልከል ተባለ። ያ ሕግ አንድ የወደድኩት ነገር ነበረው። ፈቃዱን የሰጠው ስቴት በቀን 24 ሰዓት ማረጋገጫ የሚሰጥበት መንገድ ሊኖረው ይገባል ይላል። ትንሽ ነገር ትመስላለች። እኔ ግን ፌዴራሉ መጀመር ያለበት ከዚህች ይመስለኛል፤ ማረጋገጫ፣ ተኩስ ሜዳ የገባ ሥልጠና፣ የጋራ ዝቅተኛ ዕድሜ፣ ያንን ያሟላ ፈቃድ ሁሉ ይታወቅ፣ ያላሟላ ይቅር። እስከዚያው ደግሞ እንደ ፊላደልፊያዋ እናት የሚረባ ፈቃድ ይዞ ወሰን የሳተ ሰው በቅጣት ገንዘብ ይመለስ እንጂ እስር ቤት አይግባ። ለፖሊሶችማ ከ2004 ጀምሮ ተፈቅዶላቸዋል፣ ጡረታ የወጣው እንኳ በየስቴቱ ይዞ ይዞራል። የተፈቀደላቸው ግን ሥልጠናቸው ስለሚታወቅና ጡረተኛውም በየዓመቱ ተኩስ ስለሚፈተን ነው።

ወዳጄ ይህን ሁሉ ሰምቶ «ቆይ ይሄ ሁሉ ለዜጋ ነው፣ እኔስ?» አለኝ። ግሪን ካርድ ነው ያለው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ሽጉጥ መግዛትም ፈቃድ ማውጣትም ይችላል፣ ያንን ያውቃል። የማያውቀው ሌላ ነው። ዲሲ ውስጥ ያለ ፈቃድ ሽጉጥ መያዝ እስከ 5 ዓመት የሚያስቀጣ ከባድ ወንጀል ነው። ዜጋው ይታሰርና ይወጣል። የኢሚግሬሽን ሕጉ ግን ዜጋ ያልሆነ ሰው በመሣሪያ ጉዳይ ከተፈረደበት፣ መያዝም ቢሆን፣ ከአገር ሊባረር ይችላል ይላል። የባሰው ደግሞ የገዥ ይቅርታ ከዚህ አንቀጽ አያድንም። ፊላደልፊያዋን እናት ያዳናት ፊርማ ተፈርዶበት ለነበረ የግሪን ካርድ ሰው ኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት ውስጥ ዋጋ የለውም። በዚያ ላይ ኡበርም ሊፍትም በሥራ ላይ ሾፌር መሣሪያ እንዳይዝ ይከለክላሉ፣ ስለዚህ ቨርጂኒያም ውስጥ ቢሆን አካውንቱን ይዘጉበታል።

ካርዱን አየው። ዋሌቱ ውስጥ መልሶ ከተተው። ስልኩ ጮኸ፣ ተሳፋሪ ነው፣ ከኪንግ ስትሪት ወደ ናሽናል ሃርበር። ድልድዩን ማለፍ አለበት። «እቤት ደርሼ ላስቀምጠው ስንት ደቂቃ ይፈጅብኛል?» አለና ጉዞውን ሳይቀበለው ተነሣ።